ለቴከን የቱን ልግዛ፦ አዲስ ኮፒ፣ ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ አርኬድ ስቲክ?

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አራት ልጆች ይሄንኑ ጠይቀውኛል። አራቱም ፒኤስ 4 አላቸው፣ አራቱም ቴከን 7 ሚባለውን የድብድብ ጌም ነው ሚጫወቱት፣ አራቱም ጆይስቲካቸው ተበላሽቶ «ምን ልግዛ ታዲያ?» ነው ጥያቄያቸው። ለመጨረሻው ልጅ በድምፅ ስመልስለት ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ገና የዋጋው ነገር ላይ እንኳን አልደረስኩም ነበር፣ ስለዚ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፤ ያገለገለ ኦርጅናል ዱዋልሾክ 4 (የፒኤስ 4 የራሱ ጆይስቲክ) ግዙ፣ ሁለተኛውን ሞዴል፣ ጀርባው ላይ ሲዩኤች-ዜድሲቲ2 ሚለውን። አዲስ ኮፒ በፕላስቲክ ታሽጎ እያብረቀረቀ በግማሽ ዋጋ ቢቀርብላችሁም እለፉት። አርኬድ ስቲክ ደስ ሚል ነገር ነው፣ እኔም አለኝ፣ ግን ለመጀመሪያ ሚገዛ አይደለም። (እኛ ጋ ጆይስቲክ ሚባለው ፓዱ ስለሆነ እዚህም እንደዛው እላለሁ፣ ባለ ዘንጉን ሳጥን አርኬድ ስቲክ ነው ምለው።)

አሁን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም ነው፣ የድሮው ጆይስቲኬ ሞተና መርካቶ ወረድኩ። ያገለገለ ኦርጅናል 4,200 ብር አሉኝ፣ ኮፒው 1,800። ሻጩ «አንደኛ ኮፒ ነው፣ ከኦርጅናሉ በምንም አይለይም» አለኝ፣ እኔም አገላብጬ አይቼው ልዩነቱ አልታየኝም፣ ካርቶኑም ያው ነው፣ 2,400 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ። ፊፋ ላይ እውነትም ችግር አልነበረበትም፣ ፊፋ በአናሎግ (በአውራ ጣት ወደ ሁሉም ጎን በምትገፋው) ስለሆነ ትንሽ ቢዘገይም ትንሽ ቢስትም ኳሷ ትሄዳለች። ቴከን ግን እንደዛ አያልፋችሁም።

እኔ ከቴከን ሰዎች ካዙያ ሚባለውን ነው ምይዘው። ኤሌክትሪክ ሚባለውን ቡጢውን ምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ወደፊት፣ መልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዛ ታች-ወደፊት ሰያፉ ላይ ስትደርሱ እዛችው ፍሬም (አንዲት የስክሪን ምስል) ላይ ትሪያንግል። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ነው ሚሄደው፣ ስለዚ ያላችሁ ጊዜ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ነው። በኮፒው ዲፓድ (ባለ አራት አቅጣጫው በተን) አውራ ጣቴን ከታች ወደፊት ሳንከባልለው ሰያፉን ዘሎት ያልፋል፣ ጠንከር አድርጌ ስጫነው ደግሞ ታችና ኋላን አንድ ላይ ይነካል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠረጠርኩት እጄን ነው። ማታ ማታ ፕራክቲስ ሞድ ገብቼ መቶ ጊዜ እሞክራለሁ፣ ሃያውም አይወጣልኝም፣ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። በመጨረሻ ገርጂ ጓደኛዬ ቤት የሱን ኦርጅናል ይዤ ስሞክር ከአስር ሰባቱ ወጣ። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስከዛሬ አልወጣልኝም፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያ ሁለት ሳምንት ልፋት ነው ያንገበገበኝ።

ይሄም ሆኖ ገና አልተማርኩም ነበር፣ ምናልባት የደረሰኝ ፍሬው ነው የተበላሸው ብዬ ከሌላ ሱቅ ሌላ ኮፒ በ2,000 ብር ገዛሁ። ሰያፉ ከመጀመሪያው ትንሽ ይሻል ነበር፣ ግን በሁለት ወሩ ኤል1 (ከላይ በግራ ያለው በተን) ሰምጦ ቀረ፣ የቻርጅ ቀዳዳውም እየላላ ሄዶ ገመዱን በእጄ ደግፌ ካልያዝኩት አይነካም። ስፈታው ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ከዲፓዱ ስር ያለችው ጎማ ከኦርጅናሉ ቀጠን ትላለች፣ ታቿ ላይ ያለችው ጥቁር ካርቦን ነጥብ በጣት ስትነኳት ጣታችሁ ላይ ትቀራለች፣ ከአራቱ ነጥብ የታችኛዋ ተልጣ ልታልቅ ትንሽ ነው የቀራት። ለዛ ነዋ ዝቅ ስል ዝቅ ማይለው። ደምሩት እንግዲ፤ 1,800 እና 2,000፣ 3,800 ብር ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ከዛ ኦርጅናሉን ልገዛ ስመለስ ዋጋው ወደ 4,500 ወጥቶ ጠበቀኝ፣ በድምሩ 8,300። መጀመሪያ ቀን 4,200 ከፍዬ ቢሆን ኖሮ የቀረው ገንዘብ ብዙ ጥገና ይሸፍንልኝ ነበር።

ኦርጅናሉስ አይበላሽም ወይ? ይበላሻል፣ ግን ሚበላሽበት ነገር ይታወቃል፣ መድኃኒቱም ይታወቃል። በገዛሁ በስድስት ወሩ ትሪያንግል ሳልነካው መምታት ጀመረ፣ ኤክስ ደግሞ ብጫነውም አይሰማም። አበቃለት ብዬ ፒያሳ ሚሰራልኝ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ፈታታውና «ወንድሜ፣ በተኑ ምንም አልሆነም፣ ና እይ» አለኝ። ከበተኖቹ ስር አንዲት ስስ እንደ ላስቲክ ብርሃን ምታሳልፍ ፊልም አለች፣ መስመሮቹ ሁሉ እሷ ላይ ናቸው፣ ጅራቷ ቦርዱ ላይ ሚነካው ተበይዶ አይደለም፣ አንዲት ቁራጭ ስፖንጅ ከላይ ተጭናው ነው ሚገናኘው። ስፖንጇ በጊዜ ብዛት ትጠፈጠፍና ግፊቱ ይላላል፣ ያኔ አንዱ በተን ራሱን ይመታል አንዱ ይሞታል። ልጁ ከዕቃው ውስጥ ስፖንጅ ያለው ፕላስተር አወጣ፣ በምላጭ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን አድርጎ ቆረጠ፣ በድሮዋ ላይ ደርቦ ለጠፋት፣ የፊልሟን ጫፍ በአልኮል ጠረገ፣ ገጠመው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፣ 150 ብር ነው የተቀበለኝ። ጆይስቲኩ እስከዛሬ እየሰራ ነው። ፒያሳ ሲፈርስ ያ ልጅ ከቦታው ተነሳ፣ ከዛ በኋላ የት እንደገባ አላገኘሁትም፣ እሱ ያሳየኝን ግን አሁን ለሰፈር ልጆች ሁሉ እኔ እሰራላቸዋለሁ። ከኋላ አራት ብሎን፣ ውስጥ አንድ፣ ቀጭን ካቻቢቴ ብቻ ነው ሚያስፈልገው፣ ሲከፈት ሁለቱን ገጽ ሚያገናኙትን ሪባኖች እንዳትበጥሱ ቀስ ማለት ነው። ፊልሟን ራሷን መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ቦርዱ ላይ ጄዲኤም ብሎ ሚጀምር ቁጥር አለ፣ ቁጥሩን ሳታዩ አትግዙ፣ ፊልሙ እንደ ቦርዱ ይለያያል፣ እኔ አንዴ ሳላይ ገዝቼ 300 ብር በከንቱ ሄዷል።

ሁለተኛው በሽታ ድሪፍት ነው። «እኔ በዲፓድ ነው ምጫወተው፣ አናሎጉ ምን አገባኝ» ትሉ ይሆናል፣ ግን ቴከን ሁለቱንም ነው ሚሰማው፣ አናሎጉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሰውዬው ሳትነኩት ይራመዳል፣ ብሎክ ላድርግ ስትሉ ወደፊት ይሄዳል። ይሄ ብየዳ ይፈልጋል፣ የአናሎጉ እግር ከ10 በላይ ነው፣ ሁሉም ከቦርዱ ሳይጎዳ መነቀል አለበት፣ ስለዚ ሞባይል ሚሰራ እጁ የለመደ ሰው ጋ ውሰዱት። እኔ 600 ብር ነው ያሰራሁት፣ አናሎጉን ጨምሮ።

ሲገዙ እንዴት ይለያል ለሚለው፣ ካርቶንና ስቲከር አትመኑ፣ እነሱም ይታተማሉ። መጀመሪያ ማየው መብራቱን ነው፤ ሁለተኛው ሞዴል በ2016 እንደ ፈረንጆቹ የመጣው ነው፣ ከፊት ያለው መብራት በመዳሰሻው የላይኛ ጫፍ በኩል በቀጭን መስመር ብልጭ ይላል። አንዳንድ ኮፒም ይሄን ያስመስላል ግን መዳሰሻው ሲጫን ቀጭ ማለቱ ልል ነው። ከዛ የጆሮ ማዳመጫ ሰኩ፣ ብዙ ኮፒ ድምፅ አያወጣም። ከሁሉም በላይ ግን ፒኤስ ያለው ሱቅ ሂዱና ቴከን ፕራክቲስ ሞድ ክፈቱ፣ ኮማንድ ሂስትሪውን (የተጫናችሁትን ስክሪን ላይ ሚያሳየውን) አብሩት፣ አውራ ጣታችሁን ከታች ወደፊት ደጋግማችሁ አንከባልሉ። ታች፣ ሰያፍ፣ ወደፊት እየተከታተሉ ሃያ ጊዜ ካልመጡ መልሱለት። ወደ ሁለቱም ጎን ሞክሩ፣ ብዙ ሰው ሁሌ ከግራ ስለሚጫወት አንደኛው ጎን ብቻ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና እጃችሁን አንሱ፣ ሰውዬው ከተራመደ ድሪፍት አለው፣ 600 ብሩን ከዋጋው አስቀንሱ። ሻጩ «ጌም ላይ መሞከር አይቻልም» ካለ እኔ እዛ ሱቅ አልገዛም።

አንድ በነፃ ሚገኝ ነገር፤ ሁለተኛው ሞዴል በገመድ ይጫወታል። ሴቲንግ፣ ዲቫይስ፣ ኮንትሮለር ውስጥ ገብታችሁ መገናኛውን ወደ ዩኤስቢ ኬብል ቀይሩት። ባትሪው ለሞተ ያገለገለ ጆይስቲክ ይሄ በቂ ነው፣ አምስት ስድስት ጆይስቲክ በአንዴ በሚበራበት ፒኤስ ቤትም ገመድ ይሻላል። የመጀመሪያው ሞዴል ገመድ ቢሰካም ቻርጅ ነው ሚያደርገው እንጂ ምልክቱ በብሉቱዝ ነው ሚሄደው፣ ለዛ ነው ሁለተኛውን ምለው። ገመዱ ደግሞ ዳታ ሚያስተላልፍ ይሁን፣ የ50 ብሯ ቻርጅ ብቻ ናት።

ወደ አርኬድ ስቲኩ ልምጣ። የኔን በ2016 ዓ.ም ሜሪላንድ ምትኖር አክስቴ ናት ያመጣችልኝ፣ ያገለገለ ነው፣ 120 ዶላር። ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ደውላ «አንተ ልጅ፣ ለዚህ ሳጥን ብዬ የልጆቹን ጫማ ላስቀር ነው?» አለችኝ፣ እሷ ባትሆን ማንም አያመጣልኝም ነበር። ያኔ ዶላሩ 57 አካባቢ ስለነበር 6,840 ብር ነው፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ ያው 120 ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አዲስ ልግዛ ለሚል ሆሪ አልፋ ሚባለው ስቲክ ሲወጣ ዋጋው 199.99 ዶላር ነበር፣ በዛሬ ምንዛሬ መቱት።

የስቲክ ትልቁ ደስታ ጥገናው ነው። የኔ ውስጥ ያሉት በተኖች የጃፓኑ ሳንዋ 30 ሚሊሜትር ናቸው፣ አንዱ ሲሞት ከስር ሁለቱን ገመድ ነቅሎ፣ በተኑን ገፍቶ አውጥቶ፣ ሌላ መክተት ብቻ ነው፣ ብየዳ የለም፣ ፊልም የለም፣ ስፖንጅ የለም። ዘንጉም እንደዛው። ግን ያንን በተን እዚህ አታገኙትም፣ ያው ሻንጣ መጠበቅ ነው። ደግሞ እጅ እስኪለምደው ጊዜ ይፈጃል፣ እኔ በፓድ ማሸንፋቸው ልጆች ሦስት ወር ሲያሸንፉኝ ከርመዋል። ስቲክ ካልያዝክ አትችልም ሚባለውንም አትስሙ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ኢቮ ሚባለው ትልቁ የድብድብ ጌም ውድድር ላይ ሉፊ ሚባለው ፈረንሳዊ አልትራ ስትሪት ፋይተር 4ን ያሸነፈው በፒኤስ 1 ጆይስቲክ ነው፣ በዛ የጥንት ግራጫ ፓድ። ርካሽ ስቲክ ያማራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ፒኤስ 4 ላይ እንዲሰሩ ኦርጅናል ጆይስቲክ በገመድ ከጎናቸው መሰካት አለበት፣ ኮንሶሉ ሚያምነው እሱን ነው። የጓደኛዬን በኮፒ ጆይስቲክ ሞክረነው እምቢ ብሏል። ስለዚ ዞሮ ዞሮ ኦርጅናሉን መግዛታችሁ አይቀርም።

ዘንግ የሌለው፣ አቅጣጫውም በበተን የሆነው አለ፣ ሌቨርለስ ሚሉት። በቀላሉ ሚሸከሙት ስለሆነ ከዱባይ ሚመጣ ሰው እጅ ላይ እያየሁት ነው፣ ኤሌክትሪክም በሱ ሲወጣ ልብ ይሰርቃል። ግን ለፒኤስ 4 ፈቃድ ያለው ቺፕ ከሌለው ኮንሶሉ በ8 ደቂቃው ያቋርጠዋል። አንድ ልጅ ይዞ መጥቶ አምስት ያሸነፈ ብለን ጀመርን፣ 3 ለ 2 ላይ ሳለን ቀጥ አለ። ነቅሎ ሰካው፣ ሰራ፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ ደገመ። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ አሳይቶት ነው የሸጠለት፣ ኮምፒውተር ላይማ ችግር የለውም። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ያንን ፊት ሲያሳይ ሳየው አዘንኩለት።

ፒኤስ 5 ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ነገሩ ይቀየራል። ቴከን 8 ፒኤስ 4 ላይ የለም፣ ዱዋልሾክ 4 ደግሞ ፒኤስ 5 ላይ ሚሰራው ለፒኤስ 4 ጌሞች ብቻ ነው። ለቴከን 8 ከኮንሶሉ ጋር የመጣውን ጆይስቲክ፣ ዱዋልሴንስን ያዙ፣ ዲፓዱ ጥሩ ነው፣ ሌላ ምንም አትግዙ።

ለመጨረሻው ልጅ ብዬ በዚህ ሳምንት ሦስት ሱቅ ጠይቄያለሁ። ኮፒው 2,800 ገብቷል፣ ያገለገለ ኦርጅናል ከ6,500 እስከ 7,500 ይሉታል። እኔ ሰያፉ ንጹህ ለሆነ፣ ድሪፍት ለሌለው፣ ባትሪው ለሚይዝ 6,500 እከፍላለሁ፣ ከዛ በላይ ካሉኝ አመስግኜ እወጣለሁ። ባትሪው ለሞተ 5,500። ኪሳችሁ ይሄን ካልቻለ ግን ወደ ኮፒው ከመሄዳችሁ በፊት ሻጩን «የተበላሸ ኦርጅናል አለህ?» በሉት። መደርደሪያ ስር ካርቶን ሙሉ አላቸው። ዲፓዱ ደህና ሆኖ ሁለት በተን አልሰማ ያለ፣ ወይም ትሪያንግሉ ራሱን ሚመታ ካገኛችሁ፣ 2,500 ብር በሉና ውሰዱት፣ ያቺ ስፖንጅ ናት።