ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊ

ክስ የሚጽፍላችሁ ሰው የቸገራችሁ ይህን አንብቡ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ከተደረደሩበት መስመር ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። ጸሐፊው ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጽፍም።

ጉዳዬ የሶፋ ነው። ለእናቴ ሶፋ አዝዤ 18,000 ብር ከፈልኩ፤ ሶፋውም ብሩም የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ክሱን መጀመሪያ ያጻፍኩት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ያለው ልጅ ከሌላ ሰው ክስ ላይ እየገለበጠ ሞላልኝና ሁለተኛው ገጽ ላይ የማላውቀው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ቁጭ ብሏል። መዝገብ ቤት ስሰጥ ወዲያው ተመለሰብኝ። ለዚያች ቀን ከሥራ ፈቃድ ለምኜ ነበር የወጣሁት።

በንዴት ማታ ቁጭ ብዬ ራሴ ጻፍኩት። አራት ገጽ ሆነ። ጋሼ ዘንድ ይዤ የሄድኩት እሱን ነው። መነጽራቸውን አድርገው አንዴም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ልጄ፣ መናደድሽ ገብቶኛል። ሰውየው ምን እንዳደረገሽ ግን ገና አልገባኝም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ የእናቴ የወገብ ሕመም አለ፣ የሰውየው ስድብ አለ፣ ስልክ አለማንሳቱ አለ፣ የከፈልኩበት ቀን ግን የለም። ትምህርት ቤት የአንቀጽ አጻጻፍ ስንማር ኃይለ ቃል፣ ተራኪ፣ ገላጭ፣ አመዛዛኝ እያልን ሸምድደናል፤ ምን እንደሚሠራ የገባኝ ግን እዚያች አግዳሚ ላይ ነው። ጋሼ በነዚህ ስሞች አይጠሩትም። «መጀመሪያ የሆነውን በየቀኑ አስቀምጪው፤ ክርክሩ ይቆየን» ነው ያሉኝ። አንዱ አንቀጽ ውላችን ምን እንደነበር፣ ቀጣዩ ሰውየው ውሉን እንዴት እንዳፈረሰ፣ የመጨረሻው እኔ ምን እንደምጠይቅ። የቀረውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ እየነኩ «ይሄ ከሦስቱ የየትኛው ነው?» ይሉኛል። የየትኛውም ካልሆነ ይሰረዛል። የወገቡ ሕመም ሲሰረዝ ከፋኝ፤ መልሼ ሳነበው ግን ምንም አልጎደለም።

«ብዙ ጊዜ ደወልኩለት» የምትል ነገር ነበረችኝ። «ስንት ጊዜ? መቼ መቼ?» አሉ። ስልኬን አውጥቼ የደወልኩባቸውን ቀኖች እያየሁ ቆጠርኩና አምስት አልኳቸው። ቀኖቹ ገቡ፣ «ብዙ ጊዜ» ወጣች።

ከሁሉም የገረመኝ አንዲት ቃል ናት። እኔ «ቅድሚያ ክፍያ» ብዬ ነበር። እሳቸው ደረሰኙን አዩና «እዚህ ላይ ቀብድ ይላል፤ ታዲያ አንቺ ለምን ቀየርሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእኔ አንድ ነበሩ። ለካ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ነው የሚመልሰው። እኔ ቃሉ ያማረልኝ መስሎኝ የጠየቅኩትን ዳኝነት በግማሽ ልቀንሰው ነበር! ለጽሑፍ ከዚህ የበለጠ የቃል ምርጫ ትምህርት የትም አላገኘሁም።

አጭርና ግልጽ ይሁን ማለታቸው የራሳቸው ጠባይ ብቻ አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ፍሬ ነገሩ ባጭሩ እንዲጻፍ ያዛል፤ ቁጥር 222 ላይም ለክሱ መነሻ የሆነው ነገር መቼና የት እንደተፈጸመ ይገለጽ ይላል። አራቱ ገጽ አንድ ተኩል ሆነ። ጎልቶ የሚታየው መስመር እንዲህ ነው፦ «ተከሳሽ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. 18,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ሶፋውን ጥር 20 ሊያስረክበኝ ተዋውሎ እስካሁን አላስረከበኝም።» ስድብ የለበትም። ከኔ አራት ገጽ ግን ይበልጥ ያሳፍረዋል።

የማልወድላቸው ነገርም አለ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካልደረሳችሁ እስከ ምሳ ትቀመጣላችሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሥራው ይቆማል፣ ጄኔሬተር የለም። ፊደል ላይ እንዳሻቸው ናቸው፤ «ሥራ» አንዱ መስመር ላይ በሠ፣ ሌላው ላይ በሰ ተጽፎ አገኘሁት። ስነግራቸው አስተካክለዋል፣ ግን ሳይነገራቸው ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞ ጠበቃ አይደሉም፤ ራሳቸውም ይናገራሉ፣ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ጠበቃ ጋ ሂዱ ብለው ይመልሳሉ።

ዋጋቸው ለኔ 400 ብር ሆነ፣ ሁለት ኮፒ ጨምሮ። የደረሰኙን ዋና ቅጂና የተከሳሹን ሙሉ አድራሻ ይዛችሁ ሂዱ።

ከመፈረሜ በፊት ጮክ ብለው አነበቡልኝ። የመጨረሻው መስመር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን የማረጋግጥበት ነው። እዚያ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ያዝ አድርገው «ያልሆነ ነገር አለበት?» አሉ። ስልኬን እንደገና አየሁ። ከአምስቱ ቀኖች አንዱ እኔ የደወልኩበት ሳይሆን እሱ የደወለበት ነበር። «አምስት» የሚለውን «አራት» አደረጉትና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።