ስዊቹን በምን እናገናኘው? ካት 6፣ ፋይበርና ሞጁል ሲነጻጸሩ

ደሴ ላይ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ሆቴል ኔትወርክ ሊያስዘረጋ ሲነሳ ክርክሩ ሁሉ ስዊቹ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹንና ካሜራዎቹን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን ላይ ነው። ባለ 24 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ይሁን ወይስ ባለ 48? የቱ ብራንድ ይሻላል? ኬብሉ ጋ ሲደረስ ግን "አንድ ካርቶን ካት 6 አምጣልን" ይባልና ያልቃል። እኔ ብሆን ገንዘቡን መጀመሪያ የማወጣው ለኬብሉ ነው። ስዊች ቢበላሽ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ግን ልስኑ ካልፈረሰ አይወጣም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። ከስዊቹ እስከ መጨረሻው ዕቃ ስንት ሜትር ነው? ኬብሉስ ከሕንፃው ይወጣል ወይስ እዚያው ውስጥ ይቀራል? ሜትሩን በዓይን አትገምቱ። ኬብል ግድግዳ ታክኮ፣ ጣሪያ ወጥቶ፣ ተመልሶ ስለሚወርድ በዓይን 30 የመሰለው 50 ይሆናል።

ካት 5ኢ፣ ካት 6 ወይስ ካት 6ኤ?

ሦስቱም የመዳብ ናቸው። ሦስቱም በዚያው በምናውቀው አርጄ 45 ጫፍ ይሰካሉ። የምትፈልጉት ፍጥነት በሰከንድ 1 ጊጋቢት ከሆነ ሦስቱም 100 ሜትር ያደርሳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው 10 ጊጋቢት ሲፈለግ ነው። ካት 6 ይህንን የሚችለው ቢበዛ እስከ 55 ሜትር ነው፤ ካት 6ኤ መቶውንም ይዘልቃል። ግን ወፍራም ነው፣ ቱቦ ውስጥ ሲጎትቱት ያደክማል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ለክሊኒክም ለፔንሲዮንም ካት 6 ይበቃል። ካት 5ኢ ቀድሞ ተዘርግቶ ካገኛችሁም ለመንቀል አትቸኩሉ።

እውነተኛ መዳብ ወይስ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም?

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁት እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ተብሎ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ገበያው ላይ አለ። ከላይ ብቻ ስስ መዳብ ለብሷል። አንዳንዱ ካርቶን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል "ሲሲኤ" ይላል፣ አንዳንዱ ምንም አይልም። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ሲላችሁ አትከራከሩት። ጫፉን ላጡና አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነች መዳብ ናት። ነጭ ከወጣ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ሌላው መለያ ክብደት ነው። 305 ሜትር የያዙ ሁለት ካርቶኖችን በግራና በቀኝ እጅ አንሱ። የመዳቡ ክብደት ወዲያው ይለያል።

ለአጭር ርቀት ኮምፒውተር ብቻ ካገናኛችሁበት አሉሚኒየሙ ላይነቃበት ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ካሜራ ወይም ዋይፋይ መብራቱን በዚያው ኬብል ከስዊቹ ሲወስድ ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ኃይል መንገድ ላይ ያባክናል፣ ይሞቃል። በር ላይ ያለው ካሜራ ቀኑን ሙሉ ደህና ይሠራል። ሲመሽ የሌሊት ማያ መብራቱን ሲያበራ ግን ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ያን ጊዜ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ባለቤቱ ካሜራ ይቀይራል፣ ቀጥሎ ስዊች ይቀይራል። ኬብሉን የሚጠረጥር የለም። ሽቦውም ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ቀንጠስ ይላል።

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ መዳብ አልመክርም፤ ርቀቱ 60 ሜትር ብቻ ቢሆንም። ደሴ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። የሐምሌና የነሐሴን መብረቅ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። የግድ ሕንፃውን መምታት የለበትም። አጠገብ ሲወድቅ በውጭ በተዘረጋው መዳብ ላይ የሚፈጥረው ኃይል የስዊቹን ፖርት ለማቃጠል ይበቃል፤ አንዳንዴ ስዊቹን እንዳለ ይወስደዋል። ፋይበር መረጃውን በብርሃን የሚያደርስ ብርጭቆ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። የምትገዙት የውጭ ፋይበር ግን ማጠናከሪያ ብረት ካለው ብረቱ ከመሬት ጋር መታሰር አለበት።

ፋይበሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ብርቱካናማ ወይም ውሃ ሰማያዊ ልባስ ያለው ብዙውን ጊዜ መልቲሞድ ነው። ጥሩው መልቲሞድ በ1 ጊጋቢት 550 ሜትር ያህል፣ በ10 ጊጋቢት ደግሞ 300 ሜትር ያህል ይሄዳል። ቢጫው ሲንግልሞድ ነው፤ በተለመደው ሞጁል (ስዊቹ ላይ ተሰክቶ ብርሃኑን የሚልክና የሚቀበል ትንሽ ዕቃ) 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ የራሴን ፋይበር ልዘርጋ የሚል ካልመጣ በቀር ይህ ለማንም ይበቃል። የመልቲሞድ ሞጁል ትንሽ ረከስ ይላል። እኔ ግን ለአዲስ ሥራ ሲንግልሞድን እመርጣለሁ፤ ነገ ፍጥነት ሲጨምር ሞጁሉን ብቻ መቀየር ነው፣ ዳግም መቆፈር የለም። ደግሞ ሩቅ የሚሄደው ይሻላል ብላችሁ ባለ 80 ኪሎ ሜትሩን ሞጁል ለ200 ሜትር እንዳትገዙ። ብርሃኑ ስለሚበረታ ተቀባዩን ሊያበላሸው ይችላል።

ሞጁል ሲመረጥ

ኤስኤፍፒ የሚባለው 1 ጊጋቢት፣ ኤስኤፍፒ ፕላስ 10 ጊጋቢት ነው። መልካቸው መንታ ስለሆነ ጽሑፉን አንብቡ። ባለ 1 ጊጋቢቱ ሞጁል ባለ 10 ጊጋቢቱ ፖርት ላይ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፣ ባለ 10ሩ ግን ባለ 1ዱ ፖርት ላይ አይሠራም። በሁለቱም ጫፍ ያሉት ሞጁሎች ፍጥነታቸውና የብርሃን ሞገዳቸው መጣጣም አለበት። የመልቲሞድ ሞጁል በአንድ ጫፍ፣ የሲንግልሞድ በሌላው ጫፍ አድርጎ የፖርቱ መብራት እስኪበራ መጠበቅ ከንቱ ነው።

በሁለት የፋይበር ክር የሚሠራና በአንድ ክር የሚሠራ ሞጁልም አለ። ባለ አንድ ክሩ ፋይበር ይቆጥባል። ግን በጥንድ ነው የሚገዛው፤ ለምሳሌ አንዱ በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ልኮ በ1550 ሲቀበል፣ ሌላው በ1550 ልኮ በ1310 ይቀበላል። ሁለት አንድ ዓይነት ከገዛችሁ አይሠራም። በባለ ሁለት ክሩ የፖርቱ መብራት አልበራም ካለ ግን አብሽሩ፤ መጀመሪያ ክሮቹን አቀያይራችሁ ሰኩ።

የጫፉን ቀለምም እዩ። ለቤት ኢንተርኔት የሚገባው ፋይበር ጫፍ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። የስዊች ሞጁል የሚፈልገው ሰማያዊውን፣ ኤልሲ የሚባለውን ትንሹን ጫፍ ነው። አረንጓዴው ጫፉ በሰያፍ የተሞረደ ስለሆነ ከሰማያዊው ጋር አይጋጠምም።

የብራንዱ ሞጁል ውድ ነው፤ ተመሳስሎ የተሠራው በብዙ ይረክሳል፣ ሥራውም ያው ነው። ሲስኮ ግን የማያውቀውን ሞጁል አይቶ ፖርቱን ሊዘጋው ስለሚችል፣ ሻጩን "ለዚህ ስዊች ተብሎ የተዘጋጀ ነው ወይ?" በሉት። ማይክሮቲክ ላይ ይህ ጣጣ እምብዛም የለም።

ስዊቹ የሞጁል ቀዳዳ ከሌለው ፋይበሩን ወደ መዳብ ኬብል የሚለውጥ ሚዲያ ኮንቨርተር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። ዋጋው ደህና ነው። ችግሩ በሁለቱም ጫፍ የራሱን አዳፕተር መፈለጉ ነው። መብራት ሲሄድ ስዊቹ በዩፒኤስ እየሠራ ኮንቨርተሩ ከጠፋ ኔትወርኩም የለም። ስለዚህ አዲስ ስዊች የምትገዙ ከሆነ ከመጀመሪያውኑ ባለ ቀዳዳውን ውሰዱ።

አንድ ራክ (የኔትወርክ ዕቃ መደርደሪያ) ውስጥ ላሉ ሁለት ስዊቾች ደግሞ ሞጁልም ፋይበርም አያስፈልግም። ከሁለቱም ጫፍ ሞጁል ተያይዞለት የሚመጣው ዳክ የሚባል አጭር የመዳብ ገመድ ይበቃል። ይረክሳል፣ አይሞቅም። ለ10 ጊጋቢት አርጄ 45 ያለው ሞጁል ግን በጣም ይግላል፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ፣ አየር በማያገኝ ሳጥን ባታስገቡት ይሻላል።

ቆጥባችሁ ካተረፋችሁ መጠባበቂያ ሞጁል ያዙ። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሞጁል እስኪመጣ ቢሮ ተዘግቶ አይጠበቅም። ባለ ሁለት ክር ከሆነ አንድ ትርፍ ለሁለቱም ጫፍ ያገለግላል። ባለ አንድ ክር ከሆነ ግን ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ መያዝ ግድ ነው።