ጎንደር ውስጥ ሚኒባስን የቤተሰብ ማደሪያ የሚያደርግ ጋራዥ፦ የሥራው ግምገማ

በአዘዞ መስመር ያለው ይህ ጋራዥ የዶልፊን ሚኒባስን ወንበር አውጥቶ ለሁለት ወላጅና ለአንድ ሕፃን መኝታ ያዘጋጃል። የእንጨት ሥራው ጥሩ ነው። አልጋው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሆኖ ቀን ቀን ታጥፎ መቀመጫ ይሆናል። የሚታሰረው በነባሩ የወንበር ቡሎን ቀዳዳ ስለሆነ ሊማሊሞ ጥምዝምዝ ላይም አይላላም። ለልጁ ግን አንድ ወንበር ከነቀበቶው እንዲተዉ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ትልቁ ድክመት ጣሪያው ነው። ከላሜራው ሥር ተራ ስፖንጅ ይለጥፋሉ። በስሜን ብርድ ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆናል፣ ስፖንጁ ይመጠዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ውሃ የማይመጥ ፎም ክፍተት ሳይተው እንዲጣበቅ ይጠየቅ፤ ሌሊትም መስኮት ትንሽ ይከፈት።

በኤሌክትሪክ ሥራው ፊውዙን ማብሪያው አጠገብ ማድረጋቸውም ስህተት ነው። ገመዱ መሃል ላይ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ የሚያቋርጠው የለም። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ከ100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚገኘው ግማሹ ብቻ ነው፤ ያለማቋረጥ 4 አምፔር የሚስብ ፍሪጅ በ12 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል።

ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሲሊንደሩ ሳጥን ወለል ላይ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይፈልጋል። እነሱ ከላይ ነው የሚበሱት!