አራት ድመት፣ አንድ ሳፋ፦ ድሬ ላይ ቤት ድረስ የሚመጣውን የእንስሳት ሐኪም ሞከርኩት

ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ያስቀነሰችው ሰዓት አለማክበሩ ናት፤ እመጣበታለሁ።

ቤታችን አራት ድመት አለ። ሻሼ፣ ጥቁሬ፣ ወርቄና ሻለቃ። ሻለቃ ሰፈሩን የሚያስተዳድረው ወፍራሙ ወንድ ነው። አራቱም ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ የሚጸዳዱትም አንድ ሳፋ ውስጥ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ያመጣነው አሸዋ ላይ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሳፋውን ላጸዳ ስል ተቅማጥ አገኘሁ። በማግስቱም ያው። የማን ነው? አራቱም ፊቴ ተደርድረው ቁርስ ይጠብቃሉ፣ አንዱም ያመመው አይመስልም።

እኔ የጠረጠርኩት ጥቁሬን ነበር። ከሲታ ናት፣ ስትበላም ዳር ዳሩን ነው። በካርቶን አድርጌ በባጃጅ አንድ ቦታ ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም። ሰውዬው ከካርቶኑ እንኳን ሳያወጣት "አራቱንም አምጪያቸውና መርፌ እንውጋቸው" አለኝ። ለምን ስለው "ለጥንቃቄ"። የአራት መርፌ ሒሳብ ነዋ! ጥቁሬን ይዤ ተመለስኩ።

ይኼኛውን የጠቆመኝ ዶሮ የሚያረባ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ለጠዋት 3 ሰዓት ተቀጣጥረን 6 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ይቅርታ ጠይቋል፣ ግን መዘግየቱ ጉዳት ነበረው። የታመመ ድመት መደበቅ ይወዳል፣ ስለዚህ ማን ጥግ እንደያዘ ማየት አንድ ምልክት ነው። የድሬ የ6 ሰዓት ሙቀት ላይ ግን ጤነኛውም በሽተኛውም አልጋ ሥር ገብቶ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቷል። እና ምኑን ከምን ትለየዋለህ? በመጥረጊያ አንድ በአንድ አወጣናቸው።

ሥራው ላይ ግን አቦ ይችላል። አንዱንም ለመውጋት አልቸኮለም። ድዳቸውን አየ፣ የአንገታቸውን ቆዳ ሳብ አድርጎ ለቀቀ። ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ ፈሳሽ አንሷቸዋል ማለት ነው አለኝ። ሙቀታቸውን ለካ፤ የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በእጅ ዳብሶ "ትኩሳት አለው" ማለት ዋጋ የለውም። ሚዛን አልያዘም (ለዚህ እንኳን ነጥብ አልቀነስኩበትም)፣ ከሽንኩርት ነጋዴው የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሰን አንድ በአንድ በዘንቢል ሰቀልናቸው። ሻለቃ ዘንቢሉ ውስጥ ሆኖ ጆሮውን አስተኝቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ 5 ኪሎ ከ200። ነጋዴው "ኪሎው ስንት ነው?" ብሎ ሳቀብን። ዶክተሩ ክብደቱን ጻፊና በየሳምንቱ መዝኚ አለኝ፣ ምክንያቱም ፀጉር ያለው እንስሳ መክሳቱ በዓይን ቶሎ አይታወቅም።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረኝ። ለየብቻ ክፍል አስገብቶ የየራሳቸውን ሳፋ መስጠት ነው ትክክለኛው ዘዴ። ቤታችን ግን ሁለት ክፍል ነው፣ የት ላግባቸው? "እንግዲያው ቀለም" አለኝ። ለምግብ የሚሆነውን የኬክ ቀለም፣ ትንሽ ጠብታ፣ የአንዷ ምግብ ላይ ብቻ። ሌሎቹ ያለ ቀለም። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ቀለሙ ሳፋው ላይ ይወጣል። ቀይ ግን እንዳትጠቀሚ፣ ከደም ጋር ይምታታብሻል አለኝ። ይቺን ብቻዬን ብሆን አላስባትም ነበር።

ከቀፊራ ገበያ አረንጓዴ ገዛሁ። ጥቁሬን ኩሽና ዘግቼባት የተቀቀለ ሳንባ በአረንጓዴ ቀለም አበላኋት። በማግስቱ አሸዋው ውስጥ ምን አገኘሁ? አረንጓዴ፣ ደረቅ፣ ያማረ። ተቅማጡ ደግሞ ከጎኑ እንደ ወትሮው ቡናማ። ምስኪኗን በከንቱ ነው ስጠረጥራት የከረምኩት! ሁለት ቀን ቆይቼ ለሻለቃ ሰጠሁት። አረንጓዴ ተቅማጥ። ሰፈር አስተዳዳሪው!

በዚህ መሃል ታናሽ እህቴ "የፓራሲታሞል ስባሪ እንስጠው" ስትል ደግነቱ መጀመሪያ ደወልኩ። ዶክተሩ ጮኸብኝ ማለት ይቻላል። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፣ ስባሪውም ቢሆን። ሌላም ጨመረልኝ፤ ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ ሽንቱ ጠብ ካላለ ቀለም ምናምን ሳትዪ የዛኑ ቀን ደውዪ፣ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይሞታል።

የሻለቃን ናሙና በላስቲክ ወሰደ፣ በማይክሮስኮፕ አየው፣ የትል እንቁላል የለም። ማታ ደውሎ "ከቤት ውጪ የሚበላበት አለ እንዴ?" አለኝ። ሄጄ ጎረቤታችንን እማማን ጠየቅኳቸው። ለካ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የግመል ወተት በሳህን ይጠብቀዋል! ካደጉ በኋላ ብዙ ድመቶች ወተት አይስማማቸውም፣ ውስጡ ያለውን ስኳር ሆዳቸው መፍጨት ያቅተዋል። የላሙም የግመሉም ያው ነው።

ለመጣበት 500፣ ለምርመራው 200 ብር ከፈልኩ። ለአራት መርፌ ከምከፍለው ያንሳል፣ መድኃኒትም አልሸጠልኝም። ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁት። ጠዋት ከቀጠራችሁትም እኩለ ቀን ጠብቁት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ አውሩኝ።

ወተቱ ከቆመ በሦስተኛው ቀን ሳፋው ሰላም ሆነ። ከባዱ እማማን ማሳመን ነበር። "ውሃ ይስጡት" ብላቸው ገላመጡኝና "ደጄ ለመጣ እንግዳ ውሃ ብቻ? በድሬ?" አሉኝ። በሳንባ ተስማማን።