ለፎቅ ቤት ዋይፋይ፦ ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ በኬብል የሚገናኝ አክሰስ ፖይንት?

አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ አንድ ወይም ጂ ፕላስ ሁለት ቤት ያለው ሰው ፋይበር ካስገባ በኋላ የሚገጥመው ችግር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ጥሩ የነበረው ኢንተርኔት ላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ወይም ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ሲደርስ ይዳከማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ዋናው እንቅፋት በአብዛኛው ርቀቱ ሳይሆን በፎቆቹ መካከል ያለው ሶሌታ ነው። ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት ሞገዱን ክፉኛ ያዳክመዋል፤ ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይበልጥ ይጎዳል። አንድ የብሎኬት ግድግዳ ማለፍ ግን ለሁለቱም ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ መለየት ያለበት የሚያስቸግረው ግድግዳ ይሁን ወይስ ሶሌታ የሚለውን ነው። ፍጥነቱንም ከራውተሩ አጠገብ ይለካ፤ እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ የመስመሩ ወይም የፓኬጁ ስለሆነ የትኛውም ማራዘሚያ አይፈታውም።

ሪፒተር፣ ማለትም የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ዕቃ፣ ከሦስቱ ርካሹና ለመግጠም ቀላሉ ነው። የሚሰካው ዋይፋይ በጠፋበት ክፍል ሳይሆን ከራውተሩ ጥሩ ሞገድ በሚያገኝበት መሃል ቦታ ነው፤ ደካማ የተቀበለ ደካማውን ያስተላልፋልና። በፎቅ ቤት የደረጃው አፍ ሶሌታ ስለሌለው ተመራጭ ነው። በአንድ ሞገድ እየተቀበለ በዚያው የሚልክ ሪፒተር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሆኖም ፓኬጁ 10 ሜጋ ቢት ብቻ ለሆነ ቤት ይህ ቅናሽ ላይታወቅ ይችላል። አንድ ክፍል ብቻ ለሚያስቸግርበት ፎቅ የሌለው ቪላ ከዚህ በላይ ወጪ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም።

እንደ ቲፒ ሊንክ ዴኮ ያሉ የሜሽ ዕቃዎች ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በየቦታው ተቀምጠው እርስ በርስ እየተገናኙ በአንድ የዋይፋይ ስም ይሠራሉ፤ ስልክ ይዞ ከክፍል ክፍል የሚዘዋወር ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ጥሪው የመቋረጥ ዕድሉ ከሪፒተር ያነሰ ነው። ነገር ግን በመካከላቸው ሶሌታ ካለና የሚገናኙት በሞገድ ብቻ ከሆነ እነሱም ይቸገራሉ፤ ሜሽ ስለተባሉ ኮንክሪት አይበሱም። የሚገዛ ሰው የኬብል መሰኪያ ያላቸውን ቢመርጥ ኋላ በኬብል ሊያገናኛቸው ይችላል። በኤሌክትሪክ መስመር ኢንተርኔት የሚያሻግሩ ዕቃዎችም አሉ፤ ሦስት ፌዝ በገባበት ቤት ሁለቱ ሶኬቶች የተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ግን ግንኙነቱ ስለሚደክም በቅድሚያ አልመክራቸውም።

ለፎቅ ቤት የእኔ ምርጫ በየፎቁ በኬብል የሚገናኝ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ከራውተሩ በኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ ነው። ካት 5ኢ (Cat5e) የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እንኳ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ቢት ስለሚያደርስ ሶሌታው እንቅፋትነቱ ይቀራል። ከፍጥነቱ ይበልጥ የምመዝነው ግን የመብራቱን ጉዳይ ነው፤ ኔትወርኩን ለየኬብሉ በሚያከፋፍልና በዚያው ኬብል ኤሌክትሪክም በሚልክ ስዊች ከተገጠመ፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩና ስዊቹ ያሉበት ቦታ የተቀመጠ አንድ ዩፒኤስ (የባትሪ መጠባበቂያ) ሁሉንም ፎቅ ያቆየዋል፤ ሜሽና ሪፒተር ግን እያንዳንዳቸው በየክፍሉ መጠባበቂያ ይፈልጋሉ። ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ሶሌታው ሳይሞላ ለኔትወርክ ብቻ የሚሆን ቱቦ ማስቀበር ይገባል፤ ላለቀ ቤት ኬብሉን በውጭ ግድግዳ ማሳለፍ ይቻላል፣ ለዚህም ፀሐይና ዝናብ የሚችል ዓይነት ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ሆኖ በመዳብ የተለበጠውን ርካሽ ኬብል ተጠንቀቁ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከመዳቡ ይልቅ ይሞቃል፣ በቀላሉም ይሰበራል። አክሰስ ፖይንት ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ደግሞ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ካለው ለስልኮችና ኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የማደል ሥራውን (DHCP) አጥፍቶና የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር ለይቶ በላን (LAN) መሰኪያው ቢያገናኘው ያንኑ አገልግሎት ይሰጠዋል።