ለመድረክ ዘውድ ሞዴል፦ ሰም ወይስ ወረቀት?

ለቴአትር ዘውድ ወይም ጎራዴ ልትሠሩ ነው እንበል። ዋናውን ከመጀመራችሁ በፊት ሞዴል ያስፈልጋችኋል።

እኔ ለአብዛኛው ሥራ ወረቀት እላለሁ። ካርቶን ደሴ ውስጥ የትም ሱቅ ደጅ አይጠፋም። ዘውዱን ቆርጣችሁ፣ በፕላስተር አያይዛችሁ ተዋናዩ ራስ ላይ ታደርጉታላችሁ። ከሰፋ እዚያው በመቀስ ማጥበብ ነው። ከዚያ ፕላስተሩን ፈታችሁ ስትዘረጉት ልኩ እጃችሁ ላይ አለ፤ ቆዳ ወይም ስፖንጅ ላይ አስቀምጦ መቁረጥ ብቻ ይቀራል። ጎበጥ ያለ ጋሻ ሲሆን ግን ወረቀት ያስቸግራል። ባንድ በኩል እንጂ በሁለት በኩል አይጎብጥም፤ ይጨማደዳል።

ሰም የሚያምረው ጌጥ ላይ ነው፦ የጎራዴ እጀታ፣ የዘውድ ፈርጥ። በጥፍር ሳይቀር ይቀረጻል። ካላማራችሁ አቅልጣችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ቅርጹን በጀሶ ትወስዱታላችሁ።

ችግሩ አየሩ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62–64 ዲግሪ ነው፤ መለስለስ የሚጀምረው ግን ገና በ35 አካባቢ ነው። በደሴ ብርድ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ደግሞ አለቀለት! ስታቀልጡት በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ይቀጣጠላል። ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በሌላ ዕቃ አስቀምጡት።