ማውንቴን ቪው ያለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም፣ ክሬይ-1 ለሚባለው የድሮ ሱፐርኮምፒውተር ሲባል ብቻ እንኳን ሂዱ

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ወይ ለስራ የምትመጡ ሰዎች ይሄን ሙዚየም ሳታዩ እንዳትመለሱ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ሱፐርኮምፒውተሮቹ (በዘመናቸው እጅግ ፈጣን የነበሩት ኮምፒውተሮች) ጋር ስትደርሱ ግን ረጋ በሉ። አሜሪካዊው ኢንጂነር ሲይሞር ክሬይ የሰራው ክሬይ-1 እዛ ቆሟል፣ የመጀመሪያው በ1976 እ.ኤ.አ የአሜሪካ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል የሆነው ሎስ አላሞስ ላብራቶሪ ነው የገባው። ጎኑ የተከፈተ ክብ ይመስላል፣ እና ቅርፁ ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ ነው ምክንያቱም ሽቦ ሲረዝም ሲግናሉ ይዘገያል ማሽኑ ደግሞ በ80 ሜጋኸርትዝ (በሰከንድ 80 ሚሊዮን ምት) መስራት ነበረበት። ዙሪያውን ያለው ሶፋ የሚመስለው ነገር ውስጥ ፓወር ሰፕላዩ ነው ያለው! ሙቀቱን እንደ ፍሪጅ ፍሪዮን በሚባል ማቀዝቀዣ ነው የሚያወጣው። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 160 ሚሊዮን ስሌት ነው፣ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይበልጠዋል፣ ግን አንድ ትዕዛዝ ሰጥቶ ብዙ ቁጥሮችን በተርታ የማስላቱ ሀሳብ ዛሬም ስልካችን ቺፕ ውስጥ አለ፣ እኔን ያስደነቀኝ እሱ ነው። የ1964ቱ ሲዲሲ 6600 የሚባለው ኮምፒውተርም አለ፣ እሱም የክሬይ ስራ ነው፣ በጊዜው የአለም ፈጣኑ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ግማሽ ቀን መድቡ፣ ማብራሪያዎቹን ሳታነቡ እንዳታልፉ።